ጥብቅ ሁሉ ልክ አይደለም

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወረኢሉ ወይም ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ አውቶቡስ የተሳፋሪዎቹን ሕይወት በየጎማው ላይ ለታሰሩት ጥቂት ዳዶዎች አደራ ሰጥቶ ይጓዛል። ለመሆኑ ጎማ ሲቀየር እነዚህ ዳዶዎች ምን ያህል መጥበቅ አለባቸው? የተለመደው መልስ «ክንድ እስከቻለ» የሚል ነው፤ ክንድ ካነሰም በቁልፉ እጀታ ላይ ቧንቧ ይሰካል። ይህ ልማድ መታረም እንዳለበት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያምናል።

ብሎን እንደ ሚስማር የተተከለ ብረት ብቻ አይደለም፤ እንደ ሞላ የሚለጠጥ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ በጥቂቱ ይሳባል፤ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ ሲታገልም ቸርኬውን ከሞዞው ጋር አጣብቆ ይይዛል። ነገሩ እንደ ክራር ጅማት ነው፤ ከላላ አያገለግልም፣ ከመጠን በላይ ከከረረ ይበጠሳል። የላላ ብሎን ቸርኬው እንዲንሸራተት ስለሚፈቅድ በየዙሩ እየታጠፈ በድካም ይሰበራል። ከመለጠጥ ገደቡ ያለፈ ብሎን ደግሞ ተስቦ ይቀራል፤ የመያዝ ኃይሉንም ያጣል።

እስኪ በቁጥር እንየው። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውና በራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ብሎን ተስቦ ሳይቀር ወደ 49,000 ኒውተን ይሸከማል። ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው የዚህ ሦስት አራተኛ፣ ማለትም ወደ 37,000 ኒውተን ነው። የሚያስፈልገው ቶርክ የሚገኘው የመሳቢያው ኃይል በብሎኑ ውፍረትና ሰበቃን በሚወክል ቁጥር ሲባዛ ነው። ለደረቅ ብረት ቁጥሩ 0.2 ገደማ ስለሆነ ውጤቱ 88 ኒውተን-ሜትር ይሆናል። ይህንንም በ30 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ላይ 30 ኪሎ ግራም የሚያህል ክብደት ያስገኘዋል። ቁልፉ በቧንቧ 1 ሜትር ቢደርስ ያው ክንድ ከሦስት እጥፍ በላይ ያጠብቃል! ጥርሱ ዘይት ከተቀባ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 0.15 ይወርዳል፤ ያው 88 ኒውተን-ሜትር ብሎኑን እስከ 49,000 ኒውተን፣ ማለትም እስከ ገደቡ ያደርሰዋል።

«እጄ ልኩን ያውቃል» የሚል ባለሙያ አይጠፋም። ልምድ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ከምናሳርፈው ቶርክ ዘጠኝ አሥረኛ ያህሉን ሰበቃ ይበላዋል፤ ብሎኑን የሚስበው ቀሪው አንድ አሥረኛ ነው። እጅ የሚሰማው ድምሩን እንጂ ክፍፍሉን አይደለም። ዝገት፣ አቧራ ወይም ዘይት ክፍፍሉን ሲለውጠው እጅ አያውቅም።

የዳዶ ነገር ቀላል አለመሆኑን ዓለም በመራራ ዋጋ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2002 በእንግሊዝ አገር ፖተርስ ባር ጣቢያ አጠገብ የሐዲድ መቀየሪያ ዳዶዎች በመላላታቸው ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ 7 ሰዎች ሞተዋል።

መፍትሔው ከአቅማችን በላይ አይደለም። ጥርሱን ማጽዳት፣ አምራቹ በመመሪያው የጻፈውን ቁጥር ማክበር፣ ዳዶዎቹን በዙር ሳይሆን በትይዩ ማጥበቅ፣ መኪናው ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ከተጓዘ በኋላም እንደገና መፈተሽ ይገባል። ልኩን የሚያሳየው ቶርክ ሬንችም ሰው ለሚጭን ተሽከርካሪ እንደ ቅንጦት ዕቃ ሊታይ አይገባም።

ተማሪዎች ሆይ! «ቶርክ ማለት ኃይል ሲባዛ በክንድ ርዝመት» የሚለውን ቀመር ለፈተና ብቻ አታጥኑት። በክረምት ወደ ትውልድ ቀያችሁ ስትመለሱ ከሰፈራችሁ ጎሚስታ ጋር ተወያዩበት፤ እርሱ ልምዱን፣ እናንተም ቁጥሩን ይዛችሁ ተቀመጡ። የመንገደኛው ደኅንነት ሁለቱንም ይፈልጋል።