መርዝ የሰጠ ማጥፊያውንም ይስጥ

ባለፈው ቅዳሜ ለግል ጉዳይ ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርጄ፣ ከዝዋይ ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ገበያ፣ ከሽንኩርትና ከቲማቲም ሻጮች መደዳ በስተጀርባ ባዶ ጀሪካንና ባዶ ጠርሙስ ከሚቸረቸርበት ተራ በደረስሁ ጊዜ፣ አንድ ነጭ ባለ አምስት ሊትር ዕቃ አንሥቼ ባገላብጠው፣ የራስ ቅልና የተመሳቀለ አጥንት የተሣለበት ወረቀት ግማሹ ተልጦ ግማሹ እንደ ተጣበቀ አየሁ። ሻጩ ገና ጢም ያላወጣ ወጣት ነበርና የፊቴን መለወጥ ተመልክቶ፣ «አይሥጉ አባባ፣ በኦሞ ሁለት ጊዜ ታጥቧል፤ ቢያሸቱት እንኳ ምንም የለው» አለኝ። ሰው ለምን እንደሚገዛው ብጠይቀው፣ «ለውሃ ነው፤ ለዘይትም፣ ላረቄም ይወስዱታል» ሲል በቅን ልቡና መለሰልኝ፤ በዚያው ቅጽበትም አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ክዳኑ ያፈስስ እንደ ሆነ ለማየት ሌላውን ዕቃ ዘቅዝቃ ትሞክር ነበር። ሁለቱንም ገዝቼ እዚያው በቢላዋ ቀደድኋቸው፤ ወጣቱ በሥራዬ ተገረመ፣ የእኔም ቁጣ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ቁጣዬ ግን በርሱ ላይ አይደለም።

የዚህ ዓምድ ወዳጆች ከስጦታ ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ያውቁታል። ስጦታ በሚመጣበት ቀን ጥብጣብ ይቆረጣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ካረጀና ከተበላሸ በኋላ ግን ቀባሪ ዘመድ እንደሌለው ሬሳ በወደቀበት ይቀራል። ስለ ትራክተሩ፣ ስለ ሆስፒታሉ መሣሪያና ስለ አሮጌው ኮምፒዩተር ይህንኑ በጻፍሁ ጊዜ ውለታ ቢስ ያሉኝ ሰዎች አልጠፉም፤ ትራክተርስ ቢወድቅ ዝጎ አፈር ይሆናል፤ ዛሬ የማነሣው ስጦታ ግን አፈር ሆኖ የማያልቅ፣ ይልቁንም አፈሩን ራሱን የሚለውጥ ነው።

አንበጣ ሲወርር፣ ተምች ሲነሣ፣ ወባ ቆላውን ሲያጠቃ፣ ከውጭ መንግሥታትና ከርዳታ ድርጅቶች ፀረ ተባይ በበርሜል ይላክልን ነበር፤ ከፊሉ አንበጣው ካለፈ በኋላ ይደርሳል፣ ከፊሉ ከሚያስፈልገው መጠን ይበልጣል፣ ከፊሉም ባላገሩ በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ምልክት ተለጥፎበት ይመጣል። የተረፈውም በየአውራጃው መጋዘን ገብቶ፣ ምልክቱ እየረገፈ፣ በርሜሉ እየዛገ፣ ከዘርና ከማዳበሪያ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ዘመናትን ቆጠረ፤ መንግሥት ሲለወጥ ግምጃ ቤቱን የሚረከብ ሹም ይለወጣል፣ መርዙ ግን በመዝገብ ላይ ካንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ያው በቦታው ነው። ዲዲቲ በራሳችንም አገር በአዳሚ ቱሉ ፋብሪካ ይዘጋጅ ነበርና ሁሉን በባዕድ ላይ ማላከክ ቅን ፍርድ አይሆንም፤ ነገር ግን ኢትዮጵያ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ በብዛት ከተከማቸባቸው የአፍሪካ አገሮች አንዷ ሆና ስትቆጠር፣ ከክምችቱ ብዙው በቸርነት ስም የገባ እንደ ነበር መካድ አይቻልም።

ከእነዚህ መርዞች መካከል የዲዲቲና የመሰሎቹ ጠባይ ከሌላው የተለየ ነው። ክሎሪን ከካርቦን ጋር የተሳሰረበት ውል እጅግ ጽኑ ስለ ሆነ ፀሐይም ዝናብም ረቂቅ ነፍሳትም በቀላሉ አይፈቱትም፤ መርዙ በውሃ አይሟሟም፣ በስብ ግን ይሟሟል፤ ስለዚህ ከሐይቁ ጭቃ ወደ ጥቃቅኑ ፍጥረት፣ ከዚያ ወደ ትንሹ ዓሣ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ፣ ከትልቁም ወደ ሰው በተሻገረ ቁጥር በሥጋ ውስጥ እየተጠራቀመ ይበዛል፣ በመጨረሻም ስብ በሚገኝበት በእናት ጡት ወተት ውስጥ ይገኛል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዓሦችም ሆነ በጅማ አካባቢ እናቶች ወተት ላይ በተደረገው ምርመራ ዲዲቲ መገኘቱን የአገራችን ሊቃውንት ጽፈውታል። በነፋስና በባሕር ሞገድ እየተጓዘ አንድ ቀን እንኳ መርዝ ረጭቶ የማያውቀውን የሰሜን ዋልታ ሕዝብ ሳይቀር ስለ ደረሰበት፣ ጉዳዩ የአንድ አገር ጉዳይ ሆኖ ሊቀር አልቻለም። በኦሞ ሁለት ጊዜ ታጥቧል የሚለውን የዚያን ወጣት መሐላ ልቤ ያልተቀበለውም ስለዚህ ነው፤ ምልክቱ ከተላጠ ዕቃ ውስጥ ምን እንደ ነበረ እርሱም አያውቅም፣ ገዢዋም አታውቅም።

በ1990ዎቹ፣ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት መሪነትና በልዩ ልዩ መንግሥታት ገንዘብ፣ ከየመጋዘኑ የተሰበሰበው መርዝ ታሽጎ በጅቡቲ ወደብ በኩል ተጓዘና ከሺሕ ቶን በላይ የሆነው በፊንላንድ ምድጃ ተቃጠለ፤ ለዚህ የተሠራ ምድጃ በአገራችን አልነበረምና። ያን ጊዜ በአንድ መጋዘን ደጃፍ ቆሜ ያየሁት ከሕሊናዬ አልጠፋም። ነጭ ቱታ የለበሱ፣ ፊታቸውን በጋዝ መከላከያ የሸፈኑ፣ እጃቸውን እስከ ክርን በጓንት የሸፈኑ ወጣቶች፣ ታቹ በዝገት ያለቀውን በርሜል ከነፈሳሹ አዲስ በርሜል ውስጥ ሲከትቱ፣ መርዝ የጠጣውንም አፈር በአካፋ እየዛቁ በከረጢት ሲሞሉ፣ የመጋዘኑ ዘበኛ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ በሩቅ ቆመው ይመለከቱ ነበር። መኝታቸው ከመጋዘኑ ግድግዳ ጋር ተጠግታ የተሠራች ጎጆ ናት። «ጌታዬ፣ ይህ ሁሉ ልብስ ለምንድን ነው? እኔ እኮ እስከ ዛሬ በጋቢዬ ነው የጠበቅሁት» አሉኝ። መልስ ለመስጠት አፌን ብከፍትም ለኒያ ሽማግሌ የሚበቃ ቃል አላገኘሁም፤ በዚያ ቀን ከተቈጠረው ወጪ ሁሉ ውስጥ፣ ከበርሜሉ፣ ከመርከቡና ከምድጃው ኪራይ ውስጥ፣ የርሳቸው ሳንባ እንዳልተቈጠረ ግን ዐወቅሁ።

ዓለም እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ ዝም አላለም። በ1980 ዓ.ም. በናይጄርያ ኮኮ በምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ፣ ከጣልያን የመጣ በሺሕ ቶን የሚቈጠር መርዛማ ቆሻሻ በአንድ ሰው ግቢ ውስጥ በጥቂት ኪራይ ተከማችቶ ሲገኝ፣ ናይጄርያ በቁጣ ተነሥታ ጣልያን እንድታነሣው አስገደደች፤ ካሪን ቢ የተባለችውም መርከብ በርሜሎቹን ጭና ወደ አውሮፓ ስትመለስ፣ ወደቦቹ ተራ በተራ አናስገባም አሏት። ለኮኮ ሰው ጓሮ ይበቃል የተባለው መርዝ ለእነርሱ ወደብ የማይገባ አደጋ ሆኖ ተገኘ! በማግስቱ ዓመት፣ መጋቢት 13 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ አደገኛ ቆሻሻ ተቀባዩ ሳያውቅና ሳይፈቅድ ድንበር እንዳይሻገር የሚከለክለው የባዝል ስምምነት ተፈረመ፤ አፍሪካውያንም ያ አልበቃ ብሏቸው ጥር 22 ቀን 1983 ዓ.ም. በባማኮ ተሰብስበው አደገኛ ቆሻሻ ፈጽሞ ወደ አህጉራችን አይግባ የሚል የራሳቸውን ኪዳን አጸኑ። ግንቦት 14 ቀን 1993 ዓ.ም. ደግሞ የስቶክሆልም ስምምነት መጀመሪያ አሥራ ሁለቱን፣ ዛሬም ከሠላሳ የሚበልጡትን የማይበሰብሱ ኦርጋኒክ በካዮች በስም ጠርቶ አወገዘ፤ ክምችታቸውና ቆሻሻቸውም ተቀብሮ ወይም ተደብቆ የሚቀር ሳይሆን፣ ዳግመኛ ወደ ቀድሞ ባሕርዩ በማይመለስበት ሁኔታ እንዲጠፋ አዘዘ። ኢትዮጵያም በ1995 ዓ.ም. ይህን ኪዳን ተቀብላ አጽድቃለች።

«ዲዲቲ ከወባ አድኖናል፤ ፈረንጅ በርሱ ራሱን ካዳነ በኋላ እኛን ይከለክለናል» የሚሉ ተከራካሪዎች ዘወትር አሉ። ጳውል ሙለር በ1941 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ያገኘው በዚህ መድኃኒት እንደ ሆነ፣ ስንቱንም ሕይወት እንዳተረፈ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ይህን የሚሉ ሰዎች ስምምነቱን ያነበቡት አይመስለኝም፤ ዲዲቲ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ለወባ መከላከያ እንዲውል ስምምነቱ ራሱ ፈቅዷልና። የጎዳን ለወባ ከሚረጭበት የቤት ግድግዳ ወጥቶ በጫት ማሳና በእህል ጎተራ ላይ የተረጨው ነው። ይህን ለወባ ነው ብሎ የሚሟገት ሰው፣ ጤናን ሳይሆን ንግድን እየጠበቀ መሆኑን ይወቀው።

ከእነዚህ ተከራካሪዎች ይልቅ እጅግ የሚያሳስበኝ በባዝልና በስቶክሆልም ስምምነቶች የጄኔቫ ጉባኤ የሚደረገው የቁጥር ክርክር ነው። አንድ ቆሻሻ የማይበሰብስ መርዝ ያለበት ነው ተብሎ እንዲጠፋ የሚታዘዘው፣ በኪሎግራም ውስጥ ያለው የመርዙ መጠን ከአንድ ወሰን ሲያልፍ ነው፤ ለዲዲቲና ፒሲቢ ለተባለው ሌላ የማይበሰብስ መርዝ ወሰኑ 50 ሚሊግራም ነው። እሳት እንዳይዛቸው በኮምፒዩተርና በቴሌቪዥን ቀፎ ላይ ለሚጨመሩት የብሮሚን ውሑዶች ግን ወሰኑ ከ50 እስከ 1000 ሲያከራክር ኖሯል፤ የአፍሪካ መልእክተኞች 50 ይሁን ሲሉ፣ ባለጠጎቹ ከፍ ያለውን ወሰን ይመርጣሉ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን አሮጌው ቀፎ ቆሻሻ መባሉ ቀርቶ ዕቃ ይባላል፤ ዕቃ ከተባለም መርከብ ላይ ይጫናል፤ ተፈጭቶም የልጆች መጫወቻ ይሆናል። የቀድሞው የመርዝ በርሜል ቢያንስ የራስ ቅል ተሥሎበት ይመጣ ነበር፤ አሁን የሚመጣው ምንም ሥዕል የለበትምና፣ የመልእክተኞቻችን ጽናት ሊመሰገንም ሊታገዝም ይገባዋል።

እስከዚህ ድረስ ክሴን ያቀረብሁት በሰጪዎች ላይ ነበር፤ ነገር ግን የስቶክሆልም ስምምነት መጀመሪያ ካወገዛቸው አሥራ ሁለት መርዞች መካከል ሁለቱ፣ ዳዮክሲንና ፊዩራን፣ ማንም ያልሰጠን መሆናቸው ጉዳዩን ወደ ደጃችን ያመጣዋል። እነዚህን ማንም አስቦ አያመርታቸውም፣ በርሜልም ሆነ ምልክት የላቸውም፤ ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ በዝቅተኛ እሳት በሚቃጠልበት ጓሮ ሁሉ በየማታው ይወለዳሉ። ለመርዝ ማጥፊያ የታነጸ ምድጃ ከ1100 ዲግሪ በላይ ግሎ ጢሱን ቢያንስ ለሁለት ሴኮንድ በዚያ ሙቀት ይይዘዋል፣ ከዚያም ፈጥኖ ያቀዘቅዘዋል፤ የጓሮ እሳት ግን ግማሹን አቃጥሎ ግማሹን መርዝ አድርጎ ወደ ጎረቤት መስኮት ይልከዋል። በከተሞቻችን ዳርቻ መዳብ ለማውጣት የኤሌክትሪክ ሽቦ ከነላስቲኩ የሚያነዱትን ልጆች ያየ ሰው፣ ጥቁሩ ጢስ ከሽቦው ላይ ሲግተለተል ልጆቹ በጨርቅ አፋቸውን ሸፍነው በእንጨት ሲያገላብጡት የተመለከተ፣ የማይበሰብስ መርዝ ከባሕር ማዶ ብቻ ይመጣል አይልም። እንዲህ ያለውን መርዝ ወደ ላኪው የሚመልስ መርከብ የለም፤ ላኪውም ተቀባዩም እኛው ነንና። ይህ ግን የሰጪዎችን ዕዳ አይሰርዝም፤ የራሱን ጓሮ ያጸዳ ሕዝብ የሰውን ዕዳ ሲጠይቅ ድምፁ ከፍ ብሎ ይሰማል እንጂ።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጥ ነው። ሕግ አጥተን አይደለም፤ ስለ ፀረ ተባይ አዋጅ ቁጥር 674/2002፣ ስለ አደገኛ ቆሻሻም አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥተዋል፤ የጎደለው ሕጉ እስከ ገበያው ተራ ድረስ መውረዱ ነው። መርዝ የሚያስገባ ነጋዴ የባዶውን ዕቃ መሰብሰቢያ ከፍሎ ያስገባ፤ ገበሬውም ሲገዛ መያዣ አስይዞ፣ ዕቃውን ሦስት ጊዜ አለቅልቆ፣ ያለቀለቀበትንም ውሃ እዚያው መርጫው ውስጥ ጨምሮ፣ በስቶ ሲመልስ መያዣውን ይውሰድ። በየመጋዘኑ ደጃፍ ለኖሩት ዘበኞችና ግምጃ ቤት ጠባቂዎች የጤና ምርመራ ይደረግላቸው፣ ለተጎዱትም ካሣ ይከፈል። ሽቦ ለሚያነዱት ልጆች ላስቲኩን ሳያቃጥል የሚልጥ መሣሪያ ይቅረብላቸው፤ እንጀራቸውን ነጥቆ ማባረር መርዙን ወደ ሌላ ሰፈር ከማዛወር በቀር ፋይዳ የለውም።

ወደ ጄኔቫ ለሚሄዱትም መልእክተኞች አንድ ቃል አለኝ። መርዝም ሆነ አሮጌ መሣሪያ በርዳታ ስም በሚቀርብበት ውል ሁሉ ላይ፣ ያልተሠራበትን ትራፊና ያገለገለውን ቆሻሻ በራሱ ወጪ አንሥቶ የሚያጠፋው ሰጪው እንደ ሆነ የሚናገር አንቀጽ ይጻፍ፤ ይህን የማይፈርም ሰጪ ቢኖር፣ አንበጣው ደጅ ላይ ቢሆን እንኳ፣ ስጦታው ስጦታ ሳይሆን ብድር መሆኑን፣ ዕዳውንም የሚከፍሉት ገና ያልተወለዱ ልጆች መሆናቸውን ተረድተን፣ የምንችለውን ያህል በራሳችን ገንዘብ በልክ ብንገዛ ይሻለናል።