«ወራጅ አለ» እና የብሪጅ ጨዋታ

ከአቃቂ ወደ ቃሊቲ በሚጓዝ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ «ወራጅ አለ!» ሲል ሹፌሩ ዳር ይይዛል፤ ረዳቱም በሩን ለመክፈት ይሰናዳል። ሁለት ቃላት ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠሩት ትርጉማቸው አስቀድሞ ለሁሉም የታወቀ በመሆኑ ነው። ብሪጅ የተባለው የካርታ ጨዋታም የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ካርታ ሲነሣ ቁማር ብቻ የሚታወሳቸው አንባብያን ጥቂት ይታገሡን።

ብሪጅን 4 ሰዎች ይጫወቱታል፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለቱ ተጓዳኞች ናቸው። 52ቱ ካርታዎች ሲታደሉ ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። አንድ ሰው ሊደርሱት የሚችሉት የ13 ካርታዎች ስብስቦች ከ635 ቢሊዮን ይበልጣሉ። ተጓዳኞቹ ግን በጨረታው ወቅት ሊጠቀሙ የሚችሉት 38 ጥሪዎችን ብቻ ነው። ስለዚህ በጥቂት ቃላት ብዙ መረጃ ለማስተላለፍ አስቀድመው ይስማማሉ።

ለምሳሌ ብላክዉድ በተሰኘው ስምምነት «አራት ኖ ትራምፕ» የሚለው ጥሪ «ስንት አስ ይዘሃል?» ማለት ነው። «አምስት ክለብ» ምንም ወይም አራቱንም፣ «አምስት ዳይመንድ» አንድ፣ «አምስት ኸርት» ሁለት፣ «አምስት ስፔድ» ሦስት የሚል መልስ ይሰጣል። በመከላከል ጊዜም የሚጣለው ካርታ ይናገራል፤ በብዙዎች ስምምነት ከፍ ያለ ቁጥር «በዚሁ ቀጥል»፣ ዝቅ ያለው ደግሞ «ሌላ ሞክር» ማለት ነው።

የጨዋታው ታላቅ ሕግ እዚህ ላይ ይመጣል፦ የስምምነቱ ትርጉም ለተቃራኒዎችም መገለጽ አለበት። የሚደበቀው ካርታው እንጂ ቋንቋው አይደለም።

ይህ ሕግ ተጥሷል የሚል ክስ የዓለም ሻምፒዮናዎችን አናግቷል። እ.ኤ.አ. በ1965 በቦነስ አይረስ ሁለት እንግሊዛውያን፣ ቴረንስ ሪስና ቦሪስ ሻፒሮ፣ የያዙትን የኸርት ብዛት በጣቶቻቸው ይጠቋቆማሉ ተብለው ተከሰሱ። የዓለም ፌዴሬሽን ጥፋተኞች ሲላቸው፣ በለንደን የተካሄደው ምርመራ ግን ክሱ በበቂ አልተረጋገጠም አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 በቤርሙዳ በተደረገው ሻምፒዮና ተጓዳኞች እንዳይተያዩ በጠረጴዛው ላይ መጋረጃ ቆመ። በዚያው ውድድር ግን አንድ ጥንድ ከጠረጴዛው ሥር በእግር ሲነካካ ታየ፤ ከዚያ በኋላ የጠረጴዛውን ሥርም መከለል አስፈለገ።

የጣት ምልክት ለእኛ ተማሪዎች እንግዳ ነውን? አንድ ጣት «ሀ»፣ ሁለት ጣት «ለ» እየተባለ በፈተና ክፍል የሚደረገውን የማያውቅ ማን አለ? የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በ2008 ዓ.ም. ተሰርቆ በመውጣቱ ተሰርዞ በድጋሚ ተሰጠ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ እንዲፈተኑ ሲደረግ፣ ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ይህም የእኛ መጋረጃ ነበር። መጋረጃው የተደበቀውን ሊያሳየን ችሏል፤ ዕውቀትን ግን ሊተካ አይችልም፤ ለእግርም ሌላ መጋረጃ ማስፈለጉ አይቀርም።

በእኔ አስተያየት መፍትሔው ተማሪዎች እርስ በርስ መተባበርን እንዲተዉ መምከር አይደለም። ሳይንስ ራሱ የትብብር ሥራ ነው፤ ሳይንቲስት ዘዴውን ለተቀናቃኙ ጭምር ገልጦ ያሳያል፤ ውጤቱም ክብር የሚያገኘው ሌላው ደግሞ ሲፈትሸው ነው። ይህን ልማድ በጨዋታ ማስተማር ይቻላል። በአቃቂ ቃሊቲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያሉ የሒሳብ ክበባት ብሪጅን ቢሞክሩት ወጪው አንድ ደስታ ካርታ፣ አራት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ነው። ገንዘብ አይያዝበትም። ከፕሮባብሊቲ ትምህርት ባሻገር ተማሪው አንድ ነገር ይዞ ይወጣል፦ «ወራጅ አለ» ብሎ ጮኾ መናገር የሚያሳፍር ስምምነት አይደለም፤ የሚያሳፍረው ተቃራኒ እንዳያየው በጠረጴዛ ሥር የሚደረገው ነው።