ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ከፍርሃት ስለ ማሳረፍ

በፍርድ ቤት ሥርዓት ተከሳሹ ቃሉን ሳይሰጥ፥ ምስክርም ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም። በየቤታችን ግን ቃሉን ሊሰጥ በማይችል ሕፃን ላይ በየቀኑ ስንፈርድ እንገኛለን። ልጁ ጆሮውን ይዞ ሲጮኽ «ባለጌ ነው» እንላለን፤ ከደጅ አልወጣም ብሎ መሬት ላይ ሲንከባለል «እልኸኛ ነው» እንላለን፤ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ ደግሞ «ክፉ ነገር ለክፎታል» ብለን እንደመድማለን። በዚህ ሳምንት ለአባቶችና ለእናቶች ልናሳስብ የወደድነው ነገር፥ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እንዲህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በፍርሃት እንጂ በጥፋት አለመሆኑን፥ የፍርሃትም መድኃኒቱ ቅጣት ሳይሆን ምርመራ መሆኑን ነው።

ኦቲዝም ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታይ የአእምሮ አስተዳደግ ልዩነት ነው እንጂ የርግማን ፍሬ ወይም የእናት ጥፋት አይደለም። እንዲህ ያለው ልጅ ከሰው ጋራ መነጋገርና መግባባት ይከብደዋል፤ የለመደው ነገር ሲለወጥበት ይጨነቃል፤ ድምፅና ብርሃን፥ የልብስ ሻካራነት እንኳ ሳይቀር፥ ከሌላው ሰው ይልቅ ሊበረታበት ይችላል። በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሊዮ ካነር፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1943 ስለ 11 ልጆች ባወጣው ጽሑፍ፥ ልጆቹ ሁሉ ነገር እንደ ነበረ እንዲቈይላቸው አጥብቀው እንደሚሹ፥ ከፍ ያለ ድምፅና የሚንቀሳቀስ ዕቃም እንደሚያስደነግጣቸው ገልጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ 31 ጥናቶችን አሰባስቦ በ2011 የታተመ ምርመራ ደግሞ፥ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆችና ወጣቶች መካከል ከ100 ወደ 40 የሚጠጉት ለሕክምና የሚያበቃ ፍርሃትና ጭንቀት እንዳለባቸው አስረድቷል። እንግዲህ ይህ ፍርሃት የአንድ ቤት ኀፍረት አይደለም።

በጂንካ ከተማ የሚያድግ ልጅ የሚፈራው ነገር አያጣም። የበልግ ዝናብ በቈርቈሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ጐልማሳ ሰው እንኳ አጠገቡ የተቀመጠውን ወዳጁን መስማት ይሳነዋል። ቅዳሜ ገበያው ሲቆም ከየቀበሌው የሚመጣው ሕዝብ፥ የከብቱ ድምፅ፥ የባጃጁና የሞተር ብስክሌቱ ጩኸት አንድ ላይ ይደባለቃል። ለእኛ ይህ የኑሮ ድምፅ ነው፤ ለእንደዚህ ያለው ልጅ ግን ከየት እንደ መጣና መቼ እንደሚያበቃ የማይታወቅ መዓት ይሆንበታል። አንድ ጊዜ ከደነገጠም በኋላ ደመና ሲጠቍር ብቻ ማልቀስ ይጀምራል፤ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መዝገብ መክፈት ነው። አንድ ተራ ደብተር ይበቃል። ልጁ በተሸበረ ቍጥር ቀኑንና ሰዓቱን፥ የነበረበትን ስፍራ፥ ከመሸበሩ በፊት የሆነውን፥ ቤተ ሰቡ ያደረገለትን፥ የቈየበትንም ጊዜ መጻፍ ነው። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ቢሆኑ ትምህርት ቤት የሚሄደው ታላቅ ልጅ ይጻፍላቸው። ሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ደብተሩ ራሱ ይመሰክራል። ያለ ምክንያት የመሰለው የማታ ጩኸት፥ የጎረቤት ወፍጮ ከሚነሣበት ሰዓት ጋራ የሚገጥም ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ነገር ግን ጩኸቱ በድንገት የመጣ ወይም የበዛ እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል፤ ጆሮው ወይም ጥርሱ ወይም ሆዱ እያመመው መናገር ያልቻለ ልጅ ሕመሙን በጩኸት ይገልጣልና። ድንገት የሚፈዝ ወይም የሚንቀጠቀጥ ቢሆንም ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል፤ የሚጥል በሽታ ከኦቲዝም ጋራ አብሮ ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር አንደበታችንን መጠበቅ ነው። «ዝም በል፥ አያ ጅቦ መጣብህ» ማለት በአገራችን የቈየ ማስፈራሪያ ነው። ሌላው ልጅ ሲያድግ ይሥቅበታል፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ግን ቃሉን እንደ ተነገረው አድርጎ ስለሚቀበል፥ ጅቡን በየሌሊቱ ሲጠብቀው ሊያድር ይችላል። ጂንካ ደግሞ ጅብ በእውነት የሚጮኽበት አገር ነው።

ሦስተኛው ለቀኑ ሥርዓት ማበጀት ነው። ፊት መታጠብ፥ ቍርስ፥ ጨዋታ፥ ምሳ፥ ዕረፍት፥ መኝታ፥ በየዕለቱ በተራቸው ይሁኑ። ቃል ለማይገባው ልጅ እያንዳንዱን ሥራ በወረቀት ላይ በሥዕል አድርጎ በግድግዳ ላይ መለጠፍና ከሥራው በፊት በጣት ማሳየት ይጠቅማል። እንግዳ የሚመጣ ወይም በዓል የሚደርስ እንደ ሆነ፥ «መጀመሪያ ቡና ይፈላል፤ ከዚያ አጎትህ ይመጣል፤ ከዚያ ይሄዳል» ብሎ አስቀድሞ በአጭር ቃል መንገር ነው። የነገሩን መጨረሻ ያወቀ ልጅ መጀመሪያውን ይታገሣል።

አራተኛው ከሚፈራው ነገር ጋራ በጥቂት በጥቂቱ ማስታረቅ ነው። ዝናብ የሚፈራውን ልጅ በዝናብ ውስጥ ጐትቶ ማውጣት ፍርሃቱን ያጸናበታል። ይልቁንም ፀሓይ በሆነበት ቀን፥ ልጁ ደስ ብሎት ሳለ፥ እናቱ አንዲት የበቈሎ ፍሬ በቈርቈሮ ቍራጭ ላይ ትጣል። ካልደነገጠ ሁለት፥ ሦስት፥ ኋላም እፍኝ ታድርገው፤ እርሱ ራሱ እንዲጥል መስጠት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ ድምፁን የሚያዝዝበት እርሱ ይሆናልና። ከተጨነቀ ወደ ቀደመው መጠን መመለስ ነው። ገበያም እንዲሁ ነው፤ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሕዝቡ ሳይበዛ በማለዳ ዳር ዳሩን ዐይቶ ይመለስ፤ በሚቀጥለው ጥቂት ይግባ። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል።

ሽብሩ በመጣበት ሰዓት ግን የማስተማሪያ ጊዜ አይደለም። ቤቱን ከሰው ቀለል ማድረግ፥ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፥ ቃልን ማሳጠር ይገባል። መታቀፍ የሚወድ እንደ ሆነ ማቀፍ ነው፤ የማይወድ እንደ ሆነ በአጠገቡ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ሲጨነቅ መወዛወዝ ወይም እጁን ማርገብገብ ልማዱ ቢሆንና ራሱን የማይጐዳ ከሆነ አይከልከል፤ ራሱን የሚያረጋጋበት መንገድ ነው። ከቤቱ ጥግ አንዱ፥ ጋቢና የሚወደው ዕቃ የተቀመጠበት፥ ለእርሱ ይሁን፤ ይህ ስፍራ መሸሸጊያው እንጂ መቀጫው ከቶ አይሁን።

ልጃቸውን ወደ ጠበል የሚወስዱ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ በዚያም ቢሆን ውኃው በድንገት እንዳይወርድበት አስቀድሞ ማሳየትና ማስለመድ፥ ማሰርና መግረፍን ፈጽሞ አለመፍቀድ፥ ሐኪም ያዘዘውንም መድኃኒት አለማቋረጥ ይገባል።

በአገራችን ይህን ጉዳይ ወደ አደባባይ ካወጡት መካከል ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነበሩ። ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2002 በአዲስ አበባ የጆይን የኦቲዝም ማዕከል አቋቋሙ፤ በ2021 እስኪያርፉም ድረስ ልጆች ተቈልፎባቸው እንዳይቀሩ ሲከራከሩ ኖሩ። ከጂንካ እስከ አዲስ አበባ ግን ከ600 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ስለ ሆነ፥ የአብዛኞቹ ልጆች ማዕከል የገዛ ቤታቸው ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም ወላጆች በጨዋታና በዕለት ሥራ መካከል ልጃቸውን የሚረዱበትን ሥልጠና አዘጋጅቶ በኢትዮጵያም ተሞክሯል፤ መሠረቱም ልጁን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው አብሮት የሚውለው ሰው ነው የሚል ነው።

የእናትም ጕልበት ያልቃልና አባት፥ አያት፥ ጎረቤትም ተራ ገብተው ያሳርፏት። ልጁ ዝናብ ባለፈ ጊዜ በራሱ ፈቃድ ከጥጉ ወጥቶ በራፍ ላይ የቆመ እንደ ሆነ፥ ይህንም ከቀኑና ከሰዓቱ ጋራ በደብተሩ ጻፉት፤ የሚመዘገበው ፍርሃቱ ብቻ አይደለምና።