ሊለቀቅ ያለ ብሎክ ለምን ይጻፋል?

ፋይል በሚያጥርበት ጊዜ ወደ ዲስክ የሚላከው ጽፈት ሁሉ አስፈላጊ ነው ብሎ መቀበል የተለመደ ነው። በእኔ እምነት ግን ከፊሉ ከንቱ ድካም ነው።

ብሎኩ 4096 ባይት፣ ጠቋሚው 4 ባይት በሆነበት የፋይል ሥርዓት፣ አንድ የጠቋሚዎች ብሎክ 1024 የዳታ ብሎኮችን፣ ማለትም 4 ሜጋባይትን ይመራል። ፋይሉ ወደ ዜሮ ሲያጥር ጠቋሚዎቹን አጥፍቶ ብሎኩን ዲስክ ላይ መጻፍ፣ ወዲያውም ብሎኩን ራሱን መልቀቅ፣ ሊፈርስ የተወሰነበትን ቤት እንደ መለሰን ነው። በፍላሽ ማከማቻ ላይ ደግሞ ዕድሜ ይበላል። የቢኤስዲው ኤፍኤፍኤስ ሁለቱን ሁኔታዎች ይለያል፤ የሚቀሩ ጠቋሚዎች ካሉ ብሎኩን አስተካክሎ ይጽፈዋል፤ ሁሉም የሚለቀቁ ከሆነ ግን በማህደረ ትውስታ ያለውን ቅጂ ይጥለዋል እንጂ አይጽፈውም።

ኃይል በመካከል ቢቋረጥስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በተለይ መብራት ሳያስጠነቅቅ ለሚጠፋብን። መልሱ ያለው በጽፈት ብዛት ሳይሆን በቅደም ተከተል ነው። ኢኖዱ ጠቋሚውን መተዉ አስቀድሞ ዲስክ ላይ ከሰፈረ፣ በተለቀቀው ብሎክ ውስጥ የቀረውን የሚያነብ የለም።

ይህን ቁጠባ ወደ መጨረሻው ብሎክ ማዝለቅ ግን አደገኛ ነው። አዲሱ የፋይል ወሰን በብሎክ መካከል ሲውል ተራፊው ክፍል በዜሮ መሞላት አለበት፤ ፋይሉ ኋላ ቢረዝም የተጨመረው ክፍል ዜሮ ሆኖ እንዲነበብ ፖዚክስ ያዛልና። አለዚያ የተቆረጠው አሮጌ ዳታ ተመልሶ ይታያል። በዚህም ቢሆን አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፦ ወሰኑ ያረፈው ብሎክ ባልተመደበለት ክፍተት ላይ ከሆነ፣ ዜሮ ለመጻፍ ሲባል አዲስ ብሎክ መመደብ አያስፈልግም።