የሽልማቱን እራት ሒሳብ ማን ይከፍላል?

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሁለት ነገር ይበዛል፤ ዝናብና ሽልማት። ነሐሴ ላይ ስልካችሁን ስትከፍቱ ዋንጫ አቅፎ የሚስቅ ባለ ሱፍ አታጡም። ከጀርባው ደግሞ የስፖንሰር ስም ከላይ እስከታች የተደረደረበት ባነር አለ።

ብዙዎቹ ሽልማቶች «አገር አቀፍ» ነን ይላሉ። አዘጋጁ ማነው ብላችሁ ስትጠይቁ ግን አንዳንዴ የምታገኙት በአንድ ከተማ ያለ፣ አባላቱ በጣት የሚቆጠሩ ማኅበር ነው። እኛ ይሄ በራሱ ችግር ነው አንልም። እንዲያውም ሽልማት ከቤተ መንግሥት ብቻ ሲወጣ ምን እንደሚሆን አይተናል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት አፈወርቅ ተክሌን፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሸልሟል። ጸጋዬ ሽልማቱን ያገኘው ገና በ29 ዓመቱ ነው። ምርጫው ጥሩ ነበር፤ ግን ከአንድ ሰው ስም ጋር የታሰረ ስለነበር አብዮቱ ሲመጣ ሽልማቱም አብሮ ቀረ።

በ2005 ዓ.ም በዳንኤል ክብረት አነሳሽነት የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከረ። ሕዝብ ይጠቁማል፣ ዳኞች ይመርጣሉ፤ መምህሩም ሳይንቲስቱም ጋዜጠኛውም በየዘርፉ ይታያል። ዜጎች ተሰባስበው የአገር ሽልማት ማዘጋጀት እንደሚችሉ አሳይቷል።

እሺ፣ ብሩስ?

የሆቴል አዳራሽ፣ እራት፣ ባንድ፣ ቪዲዮ፣ ዋንጫ… ይሄ ሁሉ ከአባላት መዋጮ አይወጣም። ስለዚህ አንደኛ ስፖንሰር ይፈለጋል። ሁለተኛ ጠረጴዛ ይሸጣል፤ ድርጅቶች አንድ ሙሉ ጠረጴዛ ገዝተው ሠራተኞቻቸውን ይልካሉ። እስከዚህ ድረስ ጤነኛ ነው። ሦስተኛው ግን ተሸላሚው ራሱ ነው። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ታጭተዋል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ስትደውሉ «የተሳትፎ» ወይም «የዋንጫ ማሠሪያ» የሚባል ክፍያ አለ። አንድ ገና ሥራ የጀመረ ጓደኛችን እንዲህ ተደውሎለት ነበር። ምን ሠርተህ ነው የታጨኸው ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ደዋይዋ የጠየቀችው በየትኛው ባንክ እንደሚያስገባ ብቻ ነው። በቃ፣ ይሄ ሽያጭ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። በድሮው ሕግ 30 በመቶ ነበር። ግን ልብ በሉ፤ የአስተዳደር ወጪ የሚባለው እንደ ቢሮ ኪራይና የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ ያለው ነው። የማኅበሩ ዓላማ ራሱ መሸለም ከሆነ እራቱ «ፕሮግራም» ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ማኅበሩ ከገቢው አብዛኛውን በአንድ ምሽት በልቶ ወረቀቱ ላይ ንጹሕ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሕግ ተጣሰ አንልም። ሕጉ የሚያየው ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው። ፈቃድ ሳያወጣ ወይም በንግድ ድርጅት ስም የሚሸልመውን ደግሞ አዋጁ ጭራሽ አይነካውም።

የሚገርመን የሰፈር እድራችን ከዚህ ይሻላል። ስንት ወንበር ተከራየ፣ ስንት ድስት ጠፋ፣ ማን መዋጮ አላስገባም፣ ሁሉም አባላት ፊት ይነበባል። እናቶቻችን በአንድ የጎደለ ብርድ ልብስ ግማሽ ቀን ይከራከራሉ! አገር አቀፍ ነኝ የሚል ማኅበር ይሄን ያህል እንኳ ቢጠየቅ አይበዛበትም። ዳኞቹ እነማን ናቸው? ስፖንሰር የሆነ ድርጅት ኃላፊ በዚያው ምሽት ተሸላሚ ሆኗል? ገቢው ስንት፣ ወጪው ስንት?

ደግሞ ከገጠር የሚጠራው መምህር አለ። ሌሊት ተነስቶ በአውቶቡስ ይመጣል፣ መድረክ ላይ ይጨበጨብለታል፣ ሰርተፍኬት ይዞ ይመለሳል። ለእሱ የመጓጓዣና የአልጋ ያልተያዘለት በጀት ውስጥ ለባንዱ የተከፈለው ስንት እንደሆነ ማወቅ እንፈልጋለን። እራቱን በትምህርት ቤት ግቢ፣ በዳቦና በቡና ማድረግ ይቻላል እኮ። የተረፈው ለተሸላሚው ቤተ መጻሕፍት መግዣ ይሆናል።

«ታጭተዋል» ተብላችሁ ብር የተጠየቃችሁ ካላችሁ መልእክቱን በውስጥ መስመር ላኩልን። ስማችሁን አናወጣም። ከፍላችሁ ከሆነም ደረሰኝ ተሰጥቷችሁ እንደሆነ ጻፉልን።