ቤቱ ሕገ ወጥ ነው እንበል፤ እድሩስ?

ሰፈር ሲፈርስ ቤት ይቆጠራል፣ ካርታ ይመረመራል፣ ይዞታ ይጣራል። አብሮ የሚፈርሰውን እድር የቆጠረ ባለሥልጣን ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎች የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተባሉ። በዚያው ዓመት «ሕገ ወጥ ግንባታ» እየተባለ እጅግ ብዙ ቤት ፈረሰ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም አፈራረሱን በሪፖርት ተችቷል። ስለ መሬቱ ያልተባለ የለም። ስለ እድሩ ትንፍሽ ያለ የለም።

አንዲት የማውቃት እናት ቤቷ ፈርሶ ሌላ ሰፈር ተከራይታ ገባች። ብዙም ሳትቆይ ባሏ ሞተ። የድሮ እድሯ አባላት ተበትነዋል፤ መዝገቡ ላይ በየስሙ ትይዩ «ለቀቀ»፣ «ለቀቀች» ተብሎ ተጽፏል፣ ድንኳኑን የሚተክል ጎረምሳ እንኳ አልቀረም። የአዲሱ ሰፈር እድር ደግሞ መግቢያ ጠየቃት፤ ያንን ከየት ታምጣው? ድንኳን በኪራይ አቆመች፣ የኪራዩም ብድር አለባት። ስንት ዓመት ወር በገባ ቁጥር ስትከፍል የኖረችው መዋጮ የት ገባ? የሚመልስላት የለም።

የአዲሱን ሰፈር እድር አልወቅስም። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ ነባሮቹ ከጉሮሯቸው እየቀነሱ የገዙት ነው። ዛሬ ገብቶ፣ ነገ ተረድቶ፣ ከነገ ወዲያ ለሚሰወር ሰው በሩን ቢከፍቱት እድሩ ራሱ ይፈርሳል። ስቴፋን ዴርኮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያን እድሮች የመረመሩት እንደ መድን ነው፤ ደንብ አላቸው፣ መዝገብ አላቸው፣ አባሉ የሚያዋጣውም የሚደርሰውም ተለይቶ ይታወቃል። ኢንሹራንስ የመግዛት አቅም ለሌለው ሰው ይህ ሀብቱ ነው።

መረዳዳት ከየት እንደሚበቅል ሳይንሱም ነግሮናል። ሮበርት ትራይቨርስ እ.ኤ.አ. በ1971 እንደጻፈው፣ ዘመድ ላልሆነ መድከም ሥር የሚሰድደው ረዳትና ተረጂ ደጋግመው የሚገናኙበት ቦታ ነው። ጄራልድ ዊልኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ኮስታሪካ ውስጥ ያጠናቸው ደም መጣጭ የሌሊት ወፎች ሳይቀሩ ጾሙን ላደረ ጓደኛ የመጠጡትን ደም እያስመለሱ ያበላሉ፤ ለማንም ግን አይደለም፣ አብሮ ለከረመ ነው። ነገ መተያየት ከሌለ የዛሬው ውለታ መመለሻ ያጣል። ግሬደሩ የጠረገው ያንን ነገን ነው።

«ሕዝባችን ደግ ነው፣ ይረዳዳል» የሚለኝ አይጠፋም። ነው እንጂ! በመስከረም 2011 ከቡራዩ ተፈናቅለው አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ለተጠለሉ ወገኖች ምግብና ልብስ ተሸክሞ የሄደው ያው ሕዝብ ነው። ይህን ደግነት ከልቤ አከብራለሁ። ነገር ግን የአንድ ሳምንት ርኅራኄ የሃያ ዓመት ጉርብትናን አይተካም። ዳቦ ያመጣልህ ደግ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እድርተኛህ ግን ሬሳህን ይሸከማል፣ ከልጆችህ ጋር ያመሻል።

ይበልጥ የሚያስቆጣኝ፣ የኦሮሚያ ክልል መንግሥት የኦሮሞን የመረዳዳት ባህል ቡሳ ጎኖፋን አንሥቶ ተቋም አድርጎታል። መልካም አደረገ፤ የሚያኮራ ባህል ነው። ታዲያ በአንድ እጅ መረዳዳትን በተቋም እያቆሙ በሌላው እጅ የሚረዳዱትን ሰዎች መበተን ምን ይሉታል? በግሬደሩ ፊት የቆመው እድርተኛ ኦሮሞውም፣ አማራውም፣ ጉራጌውም፣ ዶርዜውም ነው።

ቤቱ ሕገ ወጥ ነው እንበል። በየትኛው ሕግ ነው እድሩ ሕገ ወጥ የሆነው? ከእንግዲህ አንድ ሰፈር ከመነሳቱ በፊት የእድሩ ዳኛና ጸሐፊ ይጠሩ፣ መዝገቡ ይታይ። ምትክ ቦታ ሲሰጥ እድርተኛው በአንድ ላይ ይስፈር። ያ የማይሆን ከሆነ ደግሞ ሰፈሩን ያስነሳው አካል የእያንዳንዱን አባል የአዲስ እድር መግቢያ ከራሱ ካዝና ይክፈል።