ጉልበት ከመጨመር በፊት መቀመጫን ማጽናት

አሮጌ ቮልስ ገዝቶ የ1200ውን ሞተር በ1600 መለወጥ፣ ጎማውን ማስፋት፣ በስፖርት መኪና አምሳል ማስጌጥ በወጣቶች ዘንድ የተወደደ ሥራ ነው። እኛም አንነቅፈውም፤ በእጁ የሚሠራ ወጣት ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ስለ ጉልበቱ የሚያወራው ብዙ ሲሆን ጉልበቱ ስለሚያርፍበት መቀመጫ የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ሆኖ ከካምቢዮው ጋር ታስሮ የተንጠለጠለ ነው። ካምቢዮው ደግሞ ሹካ በሚመስለው የሻሲው ጫፍ ላይ በላስቲክ መቀመጫ ያርፋል። በፋብሪካው ልኬት የ1200ው ሞተር 34፣ የ1600ው 50 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የማዞር ኀይሉም ከ8.4 ወደ 10.8 ኪሎግራም ሜትር ያድጋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም የ1200ው ካምቢዮ በአንደኛ ማርሽ 16 ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚያባዛው 140 የነበረው 180 ገደማ ይሆናል። ይህም በአንድ ሜትር ብረት ጫፍ ላይ ሁለት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጤፍ እንደ መስቀል ነው። ፍሪሲዮን በድንገት ሲለቀቅ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲነዳ ጎማው ወደ ፊት በገፋ ቍጥር ካምቢዮው አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሣል፤ ሞተሩም ወደ ታች ይጫናል። ያረጀው ላስቲክ ይቀደዳል፤ ፍሪሲዮኑ ይንቀጠቀጣል፤ እያደርም ሹካው ይሰነጠቃል።

ታዲያ መድኀኒቱ ምንድን ነው? ላስቲኩን አውጥቶ ብረትን በብረት መበየድ የሚቀናቸው አሉ። ይህ ለውድድር መኪና ቢሆን እንኳ ለከተማ መኪና በሽታውን ማዛወር ነው፤ ላስቲኩ ይውጠው የነበረው ንዝረት ወደ ሻሲው ይገባልና። የሚሻለው ጠንከር ያለ አዲስ ላስቲክ ማስገባት፣ ካምቢዮውን በብረት ቀበቶ ከሹካው ጋር ማሰር፣ ሞተሩንም ከኋላ የሚደግፍ አግዳሚ ብረት ከሻሲው ጋር በብሎን ማያያዝ ነው። ሸክም ሲበዛ ተሸካሚ ይጨመራል።

ይህን ሁሉ መጽሐፍ ሳይገልጡ በእጃቸው የሚያውቁ ባለሙያዎች በአራዳ ሞልተው ነበር። በምኒልክ ዘመን የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሠፈር እዚሁ ፒያሳ አጠገብ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ግን ብዙ ሰው ወደ ከተማው ዳር ተበተነ። በወረቀት ያልሰፈረ ዕውቀትም ከባለቤቱ ጋር ይበተናል። ከፒያሳ እስከ አምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ተቋም በእግር የሚደረስ መንገድ ሆኖ ሳለ፣ በያጁ ስሌቱን ሳያይ፣ እኛም ብየዳውን ሳንነካ ዘመን አለፈ።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። ማኅበራችን ከመምህራን ጋር ተመካክሮ ተማሪዎችን በክረምት ዕረፍት ወደ ጋራዦች ይላክ። ባለሙያው ያሳየን፤ እኛ እንለካ፤ የተገኘውም በአማርኛ ከነሥዕሉ ተጽፎ በየጋራዡ ግድግዳ ይለጠፍ። አንድ ገጽ ይበቃል። በቸርችል ቁልቁለት የሚሰነጠቅ ሹካ ሰው ከመግደሉ በፊት ይህን ማድረግ ከእኛ ዐቅም በላይ አይደለም።